አቶ ዋቅቶላና የተጠማው ረድፍ

ውሃ የሌለበት ሰፈር አለ። መብራት የሌለበት ሰፈርም አለ። አዋቂ የሌለበት ሰፈር ግን እግዜር አልፈጠረም። ውሃ ሲጠፋ ለምን እንደጠፋ የሚያስረዳችሁ፣ መብራት ሲሄድ ከየትኛው ምሰሶ ላይ እንደሄደ በጣቱ የሚያሳያችሁ፣ ልጃችሁ ቢያስነጥስ የማስነጠስን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ የሚተርክላችሁ አንድ ሰው በየሰፈሩ ተተክሏል። ውሃውን አምጣ ብትሉት ግን አንድ ጣሳ አያመጣም። የእናንተን አዋቂ አላውቅም፤ የእኛው አቶ ዋቅቶላ ይባሉ ነበር።

ሰፈራችን ከመገናኛ ወደ ገርጂ ሲወርዱ ያለው ነው። ያኔ አውሮፕላን ቦሌ ሊያርፍ በላያችን ሲያልፍ ወሬ ሁሉ ይቋረጥ ነበር። የሚጣላ ጠቡን ያቆማል፣ የሚያለቅስም ልቅሶውን ይገታል። የአቶ ዋቅቶላ ወሬ ብቻ አይቋረጥም። አውሮፕላኑ አልፎ ጆሯችን ሲከፈት እሳቸው ዓረፍተ ነገሩ መሐል ናቸው፤ ያመለጠው እኛን ነው።

ከነቀምቴ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ ምርምር ጣቢያ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡት ግን ከደመወዙ እንጂ ከምርምሩ አልነበረም። የቆርቆሮ በራቸው ላይ በነጭ ቀለም «የዕፅዋት ተመራማሪ» ብለው በእጃቸው ጽፈዋል። ቦታው ስላልበቃቸው «ሪ» የምትለዋ ፊደል ወደ ግንቡ ተሻግራለች። ኪሳቸው ውስጥ ሦስት እስክሪብቶና አንድ የሙቀት መለኪያ አይጠፋም። ሠርግ ሲጠሩ እንኳ ሙቀት መለኪያው አብሮ ይመጣል።

የሚናገሯት አንዲት ቃል ነበረቻቸው፤ «እንደ ዝርያው ነው!»

የባለ ሱቋ የፈሂማ ልጅ ሱፍያን ሒሳብ ወደቀ። «እንደ ዝርያው ነው!» አሉ። የአዝመራ ወተት በእሳት ላይ ተበጠሰ። አዝመራ የገዛ ሚስታቸው ናት። እሷንም «እንደ ዝርያው ነው!» አሏት፤ የላሟን ይሁን የወተቱን አላብራሩም። አንድ ቀን ደግሞ እኔ «አቶ ዋቅቶላ፣ ጉልበቴን ይዞኛል» ብላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጉልበቴን አየት አድርገው፣ «እትዬ አሰገደች፣ እንደ ዝርያው ነው» አሉኝ። የጉልበት ዝርያ! ያኔ አገሩ ሁሉ ዘር ይቆጥር ነበር። እሳቸውም ይቆጥሩ ነበር፤ የወይን።

እንግዲህ ነገሬ ወይኑ ነው። ክቡር ሊቀ ሊቃውንት የሚያጠኑት ወይንን ነበር፤ ሌላ ነገር አያጠኑም። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ወይን ጠጅ በአፋቸው አይዞርም። አዝመራም እንደዚያው። የአጥር ጎረቤታቸው ፈሂማ የወሎ እስላም ናት፤ ጠርሙሱንም በእጇ አትነካም። እኔ ለዓመት በዓል ጠላ ካገኘሁ ተመስገን ነው። ይህን ሁሉ ደረቅ ሰው ሰብስበው ነው አሥር ዓመት ሙሉ ስለ ወይን የሰበኩን።

እኔም ወይን ነበረችኝ። ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

ባለቤቴ ገብረአምላክ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ሳጥን የወደቀች ጭራሮ አገኘ። የሳጥኑን ባለቤት ቢጠይቅ «ጣላት» አለው። ገብረአምላክ መጣል አይሆንለትም፤ በካፖርቱ ኪስ ይዟት መጣና አጥራችን ሥር ሰካት። ጭራሮዋ ወይን ሆነች። በሦስት ዓመቷ ቆርቆሮውን ሸፈነችው፣ በአምስተኛው ዳስ ሆነችልን። ፍሬዋ ሆምጣጣ ነው፤ አላጋንንም፣ ፊት ታጨማድዳለች። ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ ከሥሯ ተቀምጠን አንድ ዘለላ ለሁለት እንበላለን፤ ፊታችንን አጨማድደን እንተያያለን፤ እንስቃለን። ገብረአምላክ የሚስቀው ያኔ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ገና ችግር ሲሸተው ይዘጋል። ወንድሙ የሞተ ጊዜ ሁለት ወር ቃል ሳይወጣው ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ተነስቶ «ቁርስ የለም እንዴ?» አለኝ። ሰው «ይሄ ሰውዬ ልቡ ሞቷል» ይለው ነበር። እኔም ብዬዋለሁ፤ ልዋሽ አልችልም።

እሱ ሞተ፤ ወይኗ ቀረች። አቶ ዋቅቶላ በሳምንት አንድ ጊዜ እየመጡ ቅጠሏን ይገለብጣሉ። ዝርያዋን ሊያውቁት አልቻሉም። ይህ እንዴት እንዳበሳጫቸው! «ስም የላትም» ይሉኛል፣ ዲቃላ እንደወለድኩ ሁሉ።

በ1987 ክረምት መንገድ ይሰፋል ተባለና አጥራችን ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ገባ። ወይኗ በወዲያኛው በኩል ቀረች። መጥረቢያ የያዙት ሰዎች ሳይደርሱ አቶ ዋቅቶላ መቀሳቸውን ይዘው ከተፍ። «አምስት ቁራጭ እወስዳለሁ» አሉኝ። እኔ አልቅሼ ስለደከመኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። አምስቱን በወተት ጣሳ ተከሏቸው። አራቱ ሞቱ፤ አንዷ ያዘች። የገብረአምላክ ወይን በዚህ ምድር ላይ የቀረችው ያቺ አንዷ ናት፤ ያለችውም በአቶ ዋቅቶላ ጊቢ ነው።

በጥር 1988 ክቡርነታቸው ታላቁን ሙከራ ጀመሩ። በርሜል ለሁለት እያስቆረጡ አፈር ሞሉ፤ ስድስት ዓይነት ወይን በሁለት ረድፍ ደረደሩ፤ የበልግ ዝናብ እንዳይነካቸው ላስቲክ ወጠሩ። አንደኛው ረድፍ በየሦስት ቀኑ ይጠጣል። ሁለተኛው ረድፍ ሰባት ሳምንት ጠብታ አያይም። የእኔዋ አንድ ብቻ ስለሆነች በአንዱ ረድፍ ብቻ ትቆማለች። በየትኛው ይመስላችኋል?

«ለምን እሷን?» አልኳቸው።

«ስለማናውቃት! የምናውቀውንማ ምን ብለን እንፈትናለን?»

«እኔ አውቃታለሁ።»

«እርስዎ የሚያውቁት ፍሬዋን ነው» ብለው ወንበር ሰጡኝ። ወንበር ከሰጡ ትምህርት ሊጀመር ነው። «እትዬ አሰገደች፣ ወይን ሲጠማ ምን ያደርጋል?»

«ይደርቃላ!»

«ስህተት!» ደስ አላቸው። ሰው ሲሳሳት እንደሳቸው ደስ የሚለው አላየሁም። «መጀመሪያ ሥሩ ይሰማዋል። ሥሩ ወደ ቅጠሉ መልእክት ይልካል። ቅጠሉ በሆዱ በኩል በዓይን የማይታዩ እልፍ አፎች አሉት፤ ውሃው የሚተነው በነሱ ነው። መልእክቱ ሲደርሰው አፉን ይዘጋል።»

«ይህን ያህል ብልህ ከሆነ ምን ያደርቀዋል?»

«እንደ ዝርያው ነዋ! ይቺን ይመልከቱ፣ ግረናሽ ናት። ገና የአፈሩ እርጥበት ሲሳሳ በሯን ትቀረቅራለች። አፏን ስለዘጋች አትመገብም፣ አታድግም፤ ውሃዋን ግን ይዛ ትቆያለች። ያቺ ደግሞ ሲራ። ኩሩ ናት፤ አፏን ከፍታ፣ እያማረባት፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሁሉ እስከ መጨረሻው ትቆይና አንድ ቀን...» አየሩን በእጃቸው ቆረጡት።

«ማን ነው እንዲህ አድርጊ የሚላት?»

«ጂን፣ ዘረ መሏ! እያንዳንዷ ወይን ውስጥ መጽሐፍ አለ እንበል። መጽሐፉ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ጥም ሲመጣ የትኛው ገጽ እንደሚገለጥ፣ ቶሎ ይገለጥ ዘግይቶ...»

«እንደ ዝርያው ነው» አልኩ፣ ለመገላገል።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ደቀ መዝሙር ያገኙ መስሏቸው ነው። እኔ ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይሄ ሰውዬ የባሌን ወይን በጥም ሊገድላት ነው።

ያን ዓመት ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከመጣ። ሰው በርሜልና ጀሪካን ደርድሮ እየጠበቀ፣ እሳቸው ያላቸውን ውሃ ለወይን ይከለክላሉ። በየጠዋቱ ከየተክሉ አንድ አንድ ቅጠል ቆርጠው ወደ ፈሂማ ሱቅ ይሄዳሉ።

«ፈሂማ፣ ሚዛኑን።»

«አቶ ዋቅቶላ፣ በርበሬ እየመዘንኩ ነው።»

«በርበሬ ይቆያል፤ ቅጠል አይቆይም።»

ደንበኛው ቆሞ፣ ሚዛኑ ተጠርጎ፣ ቅጠል ይመዘናል። በርበሬ ገዢ ሁሉ ያስነጥሳል። እሳቸውም ስለ ማስነጠስ ያስረዳሉ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አልቻልኩም። በሃይማኖታችን የተጠማ ማጠጣት ጽድቅ ነው፤ ወይን አይጨምርም የሚል የትም አልተጻፈም። የእኔና የሳቸው አጥር አንድ ቆርቆሮ ነው። ምስማር ወልቆ የሰፋ ቀዳዳ አለበት፣ ቀዳዳውም በትክክል ከእሷ በርሜል በላይ ነው። የማንቆርቆሪያዬ አፍ በቀዳዳው ልክ ይገባል። እሑድ ባልና ሚስቱ ቸርች ሲሄዱ ሁለት ማንቆርቆሪያ፣ ረቡዕ ለጸሎት ሲሄዱ አንድ። ራሴ በግማሽ ባልዲ እየታጠብኩ ነው ታዲያ።

በስድስተኛው ሳምንት ሁለተኛው ረድፍ ተጨማደደ፤ ግረናሹ ደነዘዘ፣ ሌላው ቅጠሉን አንጠለጠለ። ከመሐል የእኔዋ ብቻ ለምለም! አቶ ዋቅቶላ ቅጠሏን መዘኑ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ እንደገና መዘኑ።

«ፈሂማ፣ ሚዛንሽ ይዋሻል?»

«እኔ ሃላል ነው የምሸጠው!»

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ መከራ አየ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ክንዱን ይዘው ስለ እሷ ይነግሩታል። አፏን ሳትዘጋ ጥምን የምትችል ዝርያ! እስከ ዛሬ ያልተነበበ ገጽ! እኔ ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያ ገጽ ግን ማንቆርቆሪያ እንደሚባል አውቃለሁ። ለፈሂማ ስነግራት ሱቋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።

«አንቺ! እኔም አለሁበት እኮ!»

«አንቺ ደግሞ በየት በኩል?»

«የውዱዬ፣ ለሶላት የምታጠብበት ውሃ! በአጥሩ ሥር ባለችው ቦይ ወደሳቸው ነው የሚፈሰው። በቀደም ሳየው የበርሜሉ ቀዳዳ ሥር አፈሩ ጭቃ ነው፤ ሥሯን በቀዳዳው አውጥታ እየጠጣች። ደስ አለኝና ዝም አልኩ።»

በቀን አምስት ጊዜ! በቦሌ አካባቢ ያን ዓመት እንደዚያች «ጥም ቻይ» ወይን ውሃ የጠጣ ፍጡር አልነበረም።

ሰባተኛው ሳምንት ሲያልቅ አቶ ዋቅቶላ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ አላስረዱኝም፤ ብቻ ደብተሩን ገልጠው አሳዩኝ። «ገብረአምላክ 1» ይላል። «ስም የላትም ስል ያዝኑብኝ ነበር» አሉ። «አሁን አላት።»

ምን ልበል? የባሌ ስም በቀይ ተሰምሮበት፣ እንደ ትልቅ ሰው። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ፣ ሌባዋ እኔ!

ቀጠሉ። በሚቀጥለው ሐሙስ አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ የድሮ ባልደረቦቻቸው፣ የእርሻ ባለሙያዎች፣ ይሰበሰባሉ። ለሳቸውም አሥር ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል። ውጤቱን ያነባሉ፤ ከዚያ ወይኗ ተቆራርጣ፣ ተባዝታ፣ ዝናብ ወደሚያጥርበት አገር ትላካለች። «ወደ ወሎ» አሉ፣ ፈሂማን ለማስደሰት ብለው።

ያን ስነግራት ፈሂማ አልሳቀችም። ሚዛኑን በጨርቅ ትጠርግ ነበር፤ ጨርቁን አስቀመጠች።

«አሰገደች፣ እኔ በሰባ ሰባት ከየት እንደመጣሁ ታውቂያለሽ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እናቴ ዘር ተሰጣት። በትንሽ ዝናብ ይበቅላል አሏት። የነበራትን ማሽላ ትታ እሱን ዘራች።»

«እና?»

«እናማ እኔ እዚህ ነኝ፤ እሷ እዚያ ቀረች። ማን እንደሰጣት አላውቅም። ሰጪው አዋቂ እንደነበር ግን አውቃለሁ።»

አውሮፕላን አለፈ። ሲያልፍ ፈሂማ ጨርቁን አንስታ ሚዛኑን መጥረግ ቀጠለች።

ሐሙስ ጠዋት ተነስቼ ሄድኩ። አቶ ዋቅቶላ የሠርጋቸውን ሱፍ ለብሰው፣ ሙቀት መለኪያውን ከደረት ኪሳቸው ሰክተው በረንዳ ላይ ቆመዋል። አዝመራ ኮሌታቸውን ታስተካክላለች። ፈሂማም ከኋላዬ ተከትላለች።

«አቶ ዋቅቶላ፣ ዝርያው እኔ ነኝ።»

«ምን አሉ?»

«ወይኗ ስትጠጣ ነበር። እኔ ነኝ ያጠጣኋት፤ በዚያ ቀዳዳ፣ በማንቆርቆሪያ።»

«እኔም አለሁበት» አለች ፈሂማ፣ «በቦዩ በኩል። የውዱ ውሃ።»

አዝመራ ኮሌታቸውን ለቀቀች። «አባቱ...» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔም አንዳንዴ የሩዝ እጣቢ...»

ሦስታችንንም በየተራ አዩን። የሚጮሁ መስሎኝ ነበር፤ እንዲጮሁም ለመንኩ በልቤ። እሳቸው ግን ደብተሩን ገለጡ፣ እስክሪብቶ አወጡ።

«ስንት ማንቆርቆሪያ?»

«እሑድ ሁለት፣ ረቡዕ አንድ።»

«ከየትኛው ቀን ጀምሮ? ጠዋት ነው ከሰዓት?»

የሦስታችንንም ቃል እንደ ፖሊስ ተቀበሉ። ሲጨርሱ «ገብረአምላክ 1» የምትለዋ ላይ በማስመሪያ መስመር ሰረዙ። በማስመሪያ! ቀጥ ያለች መስመር። እኔ ያ ስም ሲሰረዝ ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት መሰለኝ። ከዚያ «ይነሱ፤ ማስረጃ ያስፈልገኛል። ማንቆርቆሪያውንም ይያዙ» አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ ነው እኔ አሰገደች ማንቆርቆሪያ በፌስታል ይዤ በውይይት ታክሲ አትላስ የሄድኩት። ሠላሳ የሚሆን ክራባት ያሰረ ሰው ተቀምጧል። ወደ ኋላ ወስደው አስቀመጡኝ። አቶ ዋቅቶላ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ወረቀታቸውን ዘርግተው፣ ሙቀት መለኪያውን አዩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

«በሁለተኛው ረድፍ፣ ቁጥር ስድስት ላይ ያገኘሁት ውጤት ዋጋ የለውም» አሉ። «ተክሏ ስትጠጣ ነበር። ማስረጃው ከኋላ ተቀምጧል።»

ሠላሳ ሰው ዞሮ አየኝ። ምን ላድርግ? ማንቆርቆሪያውን ከፌስታል አውጥቼ ከፍ አደረግሁት።

የሳቁን ነገር ተዉት። አንዱ ወጣት ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ሌላው እንባውን ይጠርጋል። አቶ ዋቅቶላ ወረቀታቸውን ይዘው ቆሙ። «ሳቁ ሲያልቅ እቀጥላለሁ» አሉ። ሳቁ አለቀ፤ እሳቸውም ቀጠሉ። የቀሩትን አምስት ዝርያዎች፣ ማን መቼ እንደዘጋ፣ ማን ምን ያህል እንደመዘነ፣ አንድ ቁጥር ሳይዘልሉ አነበቡ። ማንም አልሰማቸውም። እሳቸውም ሰው ይስማኝ አይስማኝ ብለው የሚያውቁ ሰው አይደሉም።

ስንመለስ መገናኛ እስክንደርስ ወረቀታቸውን እያገላበጡ መጡ። ከታክሲው ስንወርድ ዞር ብለው፣ «እትዬ አሰገደች፣ ማንቆርቆሪያው ስንት ሊትር ይይዛል?» አሉኝ።

ማታውኑ ወይኗን መለሱልኝ። «ይውሰዷት። የእርስዎ ናት» አሉ። ሁለት ወዛደሮች በርሜሉን ተሸክመው አመጡልኝ። እኔም አሸነፍኩ! ክረምቱን ሙሉ ቅጠሏን እየዳበስኩ፣ «አይ አንቺ የተረፍሽ» እያልኳት ከረምኩ።

ጥር 1989 ገባ። ሞኝና ወረቀት እንደሚባለው፣ ሰውዬው ሙከራውን እንደገና ጀመሩ። ቦዩን በሲሚንቶ ደፈኑ። አዝመራን በመጽሐፍ ቅዱስ አስማሏት። የምስማሯን ቀዳዳ ግን አልደፈኗትም፤ እኔ በእሷ አያቸዋለሁ። በየጠዋቱ ደብተራቸውን ይዘው በሁለተኛው ረድፍ ያልፋሉ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እያዩ ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይ በርሜሉ የነበረበት ባዶ ክብ አለ። እዚያም ይቆማሉ። ባዶውን መሬት አይተው አንድ ነገር ይጽፋሉ። በአምስተኛው ቀን በአጥሩ በኩል ተጣራሁ፦

«ምኑን ነው የሚጽፉት እዚያ?»

«‹የለም› እላለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ የለም።»

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይደረጋል? ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ያ የተሰረዘ ስም ትዝ አለኝ። እኔ ነኝ ያሰረዝኩት። ገብረአምላክ በሕይወቱ ሰው ያልተረዳው ሰው ነበር፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ በእኔ ማንቆርቆሪያ ውሸታም ሆኖ ቀረ። ብትሞትም እውነቷን ትሙት ብዬ ወዛደሮቹን ጠራሁ። በርሜሉን አስይዤ ገባሁና በክቡ ላይ አስቀመጥኩት።

«በሉ፣ ‹አለች› ብለው ይጻፉ» አልኳቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት አፏን ዘጋች አሉ። እኔ አፍ አላየሁም። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፤ በአምስተኛው ረገፈ። ጭራሮ ብቻ ቀረች፣ ገብረአምላክ በኪሱ ይዟት የመጣ ዕለት እንደነበረችው። ከጎኗ ሲራ የምትባለው እንደ ሙሽራ አረንጓዴ ለብሳ ትዘባነናለች። ማንቆርቆሪያዬ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ያየኛል።

«ገደሏት» አልኳቸው።

«ይጠብቁ።»

«እርስዎ ልብዎ ከዚህ ቆርቆሮ ነው የተሠራው!»

«ሊሆን ይችላል። ይጠብቁ።»

በስድስተኛው ሳምንት ሲራ በአራት ቀን ውስጥ ቡናማ ሆና ቀረች። ሰባተኛው ሲሞላ ሁሉም ውሃ ተሰጣቸው። አቶ ዋቅቶላ የሲራን ግንድ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ አደረጉ፤ ከሥሩ ደረቅ እንጨት ነው። ወደ እኔዋ ዞሩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይክፈቱ» አሉኝ።

ከቅርፊቷ ሥር አረንጓዴ ነበረች። እርጥብ፣ እንደ አዲስ ቃሪያ አረንጓዴ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን የምስር ፍሬ የምታክል እንቡጥ ወጣች። አቶ ዋቅቶላ ደብተራቸውን አምጥተው ከዚያች የተሰረዘች መስመር በታች ጻፉና ሰጡኝ። ፊደል በመቁጠሬ ያን ቀን ፈጣሪን አመሰገንኩ። «ገብረአምላክ 1፦ ቶሎ ይዘጋል። ይተርፋል» ይላል።

አንድ ጠዋት ተነስቶ «ቁርስ የለም እንዴ?» ያለኝ ሰው!

በዓመቱ አዝመራና እሳቸው ነቀምቴ፣ ልጃቸው ሩሃማ ዘንድ ሊኖሩ ሄዱ። ሰፈሩ ተገላገለ። ሲሄዱ ሁለቱንም ረድፍ ለእኔ ጣሉብኝ፤ ከነደብተሩ፣ ከነሙቀት መለኪያው። እንግዲህ ተመልከቱ፦ በእርጅናዬ፣ በበጋ፣ ቅጠል በሰሐን ይዤ ወደ ፈሂማ ሱቅ። «መጣች ደግሞ ሁለተኛዋ» ትለኛለች ፈሂማ፣ በርበሬውን እየጠረገች። እሑድ እሑድ በሱቁ ስልክ ይደውላሉ።

«እትዬ አሰገደች፣ ሁለተኛው ረድፍ እንዴት ነው?»

«ተጠምቷል።»

«ነክተውታል?»

«አልነካሁም።»

«ስንት ቅጠል ረገፈ?»

እኔም እነግራቸዋለሁ። ስለ ጤናዬ ጠይቀውኝ አያውቁም።

የካቲት 1991 ላይ፣ ሁለተኛው ረድፍ አምስተኛ ሳምንቱን እንደያዘ፣ የደወለችው አዝመራ ነበረች። ማረፋቸው በድምፅዋ ገባኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ቤት ሄድኩና ማንቆርቆሪያውን ከምስማሩ አወረድኩ፤ ሞላሁት፤ በርሜሎቹ ዘንድ ሄጄ ቆምኩ። የሚጠይቀኝ የለም። የሚጽፍም የለም። ሁለት ሳምንት ይቀር ነበር።

ውሃውን ወደ ጀሪካኑ መልሼ ማንቆርቆሪያውን ሰቀልኩት። ደብተሩን አውጥቼ ሁለተኛውን ረድፍ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ በሁለቱም ሳምንት በየጠዋቱ ቆጠርኩ፤ ጻፍኩም።

ለብዙ ሰው ብዬ ውሃ አጠጥቻለሁ። ለሰው ብዬ ውሃ የከለከልኩት ግን ለዋቅቶላ ብቻ ነው።